ከጀርባ የታየች ወፍ



ውድ አንባቢያን! ለመሆኑ አንድን ነገር «አየሁ» ለማለት ምን ያህሉን ማየት ይበቃል? «አውቃለሁ» ለማለትስ? ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለሚምል ምስክር ብቻ የሚቀርብ ይመስለን ይሆናል። ሆኖም ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ሁላችንም ከጠዋት እስከ ማታ ስንመሰክር የምንውል ሰዎች ነን። «እገሌን እኮ እዚያ ቦታ አየሁት» እንላለን። «ይህ ቅጠል ለጨጓራ ፍቱን ነው» እንላለን። «ይህማ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» እንላለን። ልጆቻችን አጠገባችን ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ የሰሙትንም እንደ እውነት ይዘው ያድጋሉ። ምስክርነት አማና ከሆነ፣ ይህን አማና በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደምንሸከመው አስበን እናውቃለን?

እኔ ይህን ጥያቄ ቆም ብዬ እንዳስብበት ያደረገችኝ በዛፍ ግንድ ላይ እየተንጠላጠለች የምትወጣ አንዲት ወፍ ናት። በአገራችን ግንደ ቆርቁር ትባላለች። ታሪኳ ረጅም አይደለም፤ ለእኔ ግን ብዙ አስተምራኛለች።

በቡናው ጥላ ሥር

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። የአጎቴ ቡና የሚበቅለው እንደ አካባቢው ልማድ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሾላው ከቡናው በላይ ተዘርግተው ጫካው ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ሱብሂ ሰግደን፣ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቀን፣ ልጄና እኔ ወደ ውስጥ ገባን። ብዙም ሳንርቅ «ቷ፣ ቷ፣ ቷ» የሚል ድምፅ ሰማን። ድምፁ ቆም ይልና እንደገና ይቀጥላል። ቀና ብለን ስንፈልግ፣ ከደረቀ የብሳና ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ወፍ ተነሥታ በዛፎቹ መካከል ሽው ብላ አለፈች። ያየነው ጀርባዋን ነው። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ከጅራቷ በላይ ያለው ወገቧ ደግሞ ደማቅ ቀይ ነበር።

«አገኘናት! የሐበሻዋ ግንደ ቆርቁር ናት!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ይህን ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። የሐበሻዋ ግንደ ቆርቁር ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሆን፣ ይህም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ አገራችን ያደረገው ጉዞ በለንደን መጽሐፍ ሆኖ የታተመበት ዓመት ነው። የአገሬው ገበሬ ግን ከዚያ በፊት ለስንት ዘመን ድምፅዋን ሲሰማ ኖሯል! ስለ እርሷ ካነበብኩ ጀምሮ በዓይኔ ለማየት እጓጓ ነበር። እነሆ ምኞቴ ተሳካ አልኩ።

ልጄ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ከዚያም ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ደረቷ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ደረቷን አላየሁትም። «ፊቷስ?» አለችኝ። ፊቷንም አላየሁትም።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ ወዲህ ነው። በአገራችን ብዙ የግንደ ቆርቁር ዓይነቶች አሉ። አረንጓዴ ጀርባና ቀይ ወገብ ያላት ደግሞ የሐበሻዋ ብቻ አይደለችም፤ ግራጫዋ ግንደ ቆርቁርም እንዲሁ ናት። ሁለቱ በደንብ የሚለዩት ከፊት ሲታዩ ነው። የሐበሻዋ ደረት ከላይ ወደ ታች በወረዱ ጥቋቁር መስመሮች የተሞላ ነው፤ ፊቷም ላይ ቡናማና ነጭ መስመሮች አሉ። የግራጫዋ ፊትና ደረት ግን መስመር የሌለው ወጥ ግራጫ ነው። እንግዲህ ከጀርባዋ በጨረፍታ አይቶ ስም የሰጠ ሰው ከሁለቱ አንዷን በግምት መርጧል ማለት ነው። እኔ የመረጥኩት ደግሞ ያየኋትን ሳይሆን ላያት የምመኛትን ነበር። ዓይኔ ያላየውን ምኞቴ ሞላው።

ቤት ስንመለስ ለአጎቴ ነገርናቸው። አጎቴ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የጫካውን ወፍ በድምፅ የሚለዩ ሰው ናቸው። ፈገግ አሉና፣ «ደረቷን ካላያችሁ ‹ግንደ ቆርቁር አየን› በሉ። እሱ አይበቃችሁም?» አሉን።

ይህ ንግግራቸው ከሰማሁት ጊዜ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። «ግንደ ቆርቁር» የሚለው ስም ሰፊ ነው፤ የሚያስደንቅም ነገር የለውም፤ ነገር ግን ሐቅ ነው፤ ብንጠየቅ ልንምልበት እንችላለን። «የሐበሻዋ ግንደ ቆርቁር» የሚለው ስም የበለጠ ያስደስታል፤ ጎረቤት ሰብስቦ ለማውራትም ይመቻል፤ ነገር ግን ዕውቀታችን እዚያ ድረስ አልደረሰም። ልጄም በደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ግንደ ቆርቁር። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ወገቧ ቀይ። ፊቷንና ደረቷን አላየንም።»

አይቶ መለየት

በማግስቱ «ዛሬ እንደ ሰው አይተን እንለያታለን» ብለን ወጣን። ምናልባት ከእናንተም መካከል ልጆቹን ይዞ ይህንኑ መሞከር የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር፣ በጥቂት ቀናት የተማርነውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። ግንደ ቆርቁር ምግብ ስትፈልግ ምቷ ያልተስተካከለ፣ ቆም ቆም የሚል ነው። ብዙ የግንደ ቆርቁር ዓይነቶች ሌላም ምት አላቸው፤ ደረቅ እንጨት መርጠው እንደ ከበሮ በፍጥነት ይደልቁታል። ይህ ለምግብ ሳይሆን «እዚህ ነኝ፤ ይህ የእኔ ሥፍራ ነው» ለማለት ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እስከ 20 ጊዜ ያህል የሚመቱ አሉ። ድምፁን ሰምታችሁ ወደ ላይ ከማየታችሁ በፊት ግን ወደ መሬት ተመልከቱ፤ ከዛፉ ሥር አዲስ የእንጨት ፍቅፋቂ ወድቆ ከሆነ ወፏ ወደዚያ ግንድ ትመላለሳለች ማለት ነው።

ቀጥሎ መቀመጥ ነው። ግንደ ቆርቁር ሰው ስታይ ብዙ ጊዜ ወዲያው አትበርም፤ ከግንዱ ወዲያ ማዶ ትዞርና ትደበቃለች። ዞራችሁ ብትከተሏት እሷም ትዞራለች። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ጥቂት ቆይታ ብቅ ትላለች። ያኔ እንዴት እንደምትወጣ ተመልከቱ። አብዛኞቹ ወፎች ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ አላቸው፤ ግንደ ቆርቁር ግን ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ ስለሆኑላት ቅርፊቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። የጅራቷ ላባዎች ጠንካራ ስለሆኑ ግንዱ ላይ ትደገፍባቸዋለች። ሁለት እግርና አንድ ጅራት፣ ልክ እንደ ጅማ በርጩማ በሦስት እግር ተደላድላ ትቆማለች።

ከዚህ በኋላ ነው መለያዎቹን በቅደም ተከተል ማየት። ጀርባዋ ወጥ ነው? ነጠብጣብ አለው? ወይስ አግድም መስመር? ወገቧ ቀይ ነው? ደረቷ መስመር አለው፣ ነጠብጣብ አለው፣ ወይስ ወጥ ነው? አናቷና ማጅራቷ ምን ዓይነት ቀለም አላቸው? የሐበሻዋ ወንዱ አናቱና ማጅራቱ ቀይ ሲሆን የሴቷ አናት ቡናማ ነው። በግራር አገር የምትገኘው የኑብያዋ ግንደ ቆርቁር ደረቷ ነጠብጣብ ነው፤ ወንዱም ከምንቃሩ ሥር ወደ ጉንጩ የሚወርድ ቀይ መስመር አለው። ካርዲናል በሚል ስም የምትታወቀው ደግሞ ትንሽ ናት፤ ጀርባዋ አግድም መስመር፣ ደረቷ ቁልቁል መስመር አለው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ያያችሁትን በደብተር ሳትጽፉ የወፎችን ሥዕል የያዘ መጽሐፍ አትክፈቱ። ሥዕሉ ከቀደመ ዓይናችሁ ያላየውን መስመር «አይቼዋለሁ» ይላል። እኔ ራሴ ይህ ደርሶብኛል። በመጀመሪያው ቀን ማታ መጽሐፉን ከፍቼ የሐበሻዋን ሥዕል ሳይ፣ ጠዋት ያመለጠችን ወፍ ደረት ላይ መስመር እንደነበረ ትዝ አለኝ! ያላየሁት ነገር እንዴት ትዝ ሊለኝ ቻለ? ሰው ሆን ብሎ ሳይዋሽም የሐሰት ምስክር ሊሆን እንደሚችል ያኔ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ወፏ መጣች። ከተቀመጥንበት ፊት ለፊት ባለው የዋንዛ ግንድ ላይ አረፈች። ዞር ስትል ደረቷን አየነው፤ ወጥ ግራጫ ነበር፤ አንድም መስመር የለበትም። ግራጫዋ ግንደ ቆርቁር ናት። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ልጄ ግን ተደስታ ጻፈች፤ ወዲያውም ገጹን ገልጣ የመጀመሪያውን ቀን ጽሑፍ ለማረም ብዕሯን አነሣች።

«ቆይ» አልኳት። «የዛሬዋን አይተናል። የመጀመሪያዋ ግን ይህችው ራሷ ትሁን ሌላ በምን እናውቃለን?»

ጥቂት አሰበችና ብዕሯን መለሰች። ያ ገጽ እስከ ዛሬ እንደተጻፈ ነው።

ከበር ሲወጣ ያየሁት ልጅ

ውድ አንባቢያን! «ስለ አንዲት ወፍ ስም ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ወፏ ስሟ ቢሳሳት የሚደርስባት ነገር የለም። ነገር ግን ከጀርባ አይቶ ስም የመስጠት ልማድ ጫካ ውስጥ ብቻ የሚቀር ልማድ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤታችን ገንዘብ ጠፋ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ከግቢያችን በር እየሮጠ ሲወጣ ከጀርባው አይቼ ነበር። የለበሰው የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ሹራብ ነው፤ ቁመቱም የጎረቤታችንን ልጅ ያህላል። ወደ አባቱ ሄጄ «ልጅህን አየሁት» አልኩ። «ልጅህን የሚመስል ጀርባ አየሁ» አላልኩም። አባትየው ስለሚያከብረኝ ቃሌን ሳይጠራጠር ልጁን በፊቴ መታው። ልጁ «ወላሂ እኔ አይደለሁም!» እያለ ሲያለቅስ እንኳ ልቤ አልተመለሰም። ያንን ሹራብ በሰፈሩ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚለብሰው ለአፍታ አላሰብኩም።

ከአራት ቀን በኋላ ባለቤቴ ገንዘቡን ራሷ አጣጥፋ ካስቀመጠችበት ልብስ ውስጥ አገኘችው።

ሄጄ አባቱንም ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁ። አባትየው «ያጋጥማል፣ ምንም አይደል» አለኝ። ልጁ ቀርቦ እጄን ሳመኝ፤ አንድ ቃል ግን አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ይቅርታው ተሰጥቶኛል፤ «አየሁት» ያልኩትን ቃል ግን ወደ አፌ ልመልሰው አልቻልኩም።

ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ፣ ከብዙ ጥርጣሬም እንድንርቅ የታዘዝን ሰዎች ነን። ትእዛዙን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም አውቀው ነበር። የማላውቀው ነገር ቢኖር ያ ትእዛዝ ሌላ ሰው ይዞት የመጣውን ወሬ ብቻ ሳይሆን የገዛ ዓይኔ ያመጣልኝን ወሬ ጭምር እንደሚመለከት ነው።

ወፏም ብትሆን ከዚህ ዓይነቱ ክስ አላመለጠችም። በአጎቴ ቡና ውስጥ ከሚለቅሙት መካከል አንዱ ልጅ ግንደ ቆርቁሯን በድንጋይ ሲወረውርባት አገኘነው። «ዛፉን እየቆረቆረች ታደርቀዋለች» አለን። እውነት ነው፤ በደረቀ ዛፍ ላይ ሁልጊዜ ትገኛለች። ነገር ግን በአብዛኛው ወደዚያ የምትሄደው ዛፉ አስቀድሞ ስለታመመና በውስጡ እንጨት የሚበሉ ትሎች ስለገቡበት ነው። የምታወጣው የሚጎዳውን ትል ነው። ፈልፍላ የሠራችውን ጎጆ ትታ ስትሄድም ራሳቸው መፈልፈል የማይችሉ ሌሎች ወፎች ይገቡበታል። ከጥፋት ቦታ መገኘቷ አጥፊ አስባላት። ስንቱ ሰው እንዲህ ሆኖ ተከሷል?

የስፖንጁ ነገር

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ሳለ ልጄ ጠየቀችኝ፦ «አባባ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨት በራሷ ስትመታ አያማትም?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት፣ ለተማሪዎቼም ለዘመዶቼም የተናገርኩት ነገር ነው። «ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያለ አጥንት አለ። የምቱን ኃይል እሱ ይመጠዋል፤ ስለዚህ አንጎሏ አይጎዳም» አልኳት። የተቀመጡት ሁሉ «ሱብሐነላህ!» አሉ። እኔም ጥሩ ነገር ማስተማሬ ተሰምቶኝ ተደሰትኩ።

ወደ ከተማ ከተመለስን በኋላ ልጄ አንድ ጽሑፍ አንብባ መጣች። በቤልጂየም በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ሳም ቫን ዋሰንበርግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ የሦስት ዓይነት ግንደ ቆርቁሮችን ሲቆረቁሩ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው የምንቃሩንና የጭንቅላቱን እንቅስቃሴ ለክተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ስፖንጅ ኃይሉን የሚመጥ ቢሆን ኖሮ ምንቃሩ እንጨቱን መትቶ ሲቆም ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ መቆም ነበረበት። የተገኘው ግን ሁለቱ በአንድነት እንደሚቆሙ ነው። ስፖንጅ የሚመስለው አጥንት መኖሩ እውነት ነው፤ ኃይሉን ይመጣል የተባለው ግን በልኬቱ አልተገኘም። የወፏ ጭንቅላት እንደ ድፍን መዶሻ ነው የሚሠራው።

ነገሩን ስናስበው ደግሞ ምክንያታዊ ነው። የትኛው አናጢ ነው ሚስማር ሊመታ መዶሻውን በጨርቅ የሚጠቀልለው? ምቱን የሚያለዝብ ነገር ቢኖራት ወፏ ያንኑ ጉድጓድ ለመቆፈር ይበልጥ መልፋት ነበረባት። ታዲያ አንጎሏ እንዴት አይጎዳም? ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ዋናው ነገር ትንሽነቱ ነው። ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ሎሚና ሐብሐብ ቢወድቁ ሎሚው ተንከባሎ ይቆማል፤ ሐብሐቡ ግን ይፈነዳል። የሰውን አንጎል የሚጎዳ ምት ለእርሷ ትንሽ አንጎል ያን ያህል አይደለም።

ውድ አንባቢያን! በዚያች ሰዓት በልቤ ያለፈውን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የመጀመሪያው ሐሳቤ «ይህን ተዪው፤ አትንገሪያቸው» ማለት ነበር። ለምን? ሰው የፈጣሪን ሥራ ያደነቀበት ታሪክ ነው። ደግሞም አሳማኝ የሚመስል ምክንያት ነበረኝ፦ «ልጄ በዚህ ከተሳሳትኩ በሌላውም ተሳስቼ እንደሆነ ብትጠራጠርስ?» የዘመዶቼስ «ሱብሐነላህ» ምን ይሁን?

በጥያቄው ላይ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻም የደረስኩበት ይህ ነው። መልካም ዓላማ ያልተረጋገጠን ነገር እውነት አያደርገውም። የልጅን እምነት በስፖንጅ ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ ስፖንጁ ሲወድቅ እምነቱም አብሮ እንዲወድቅ አድርጎ አንጠልጥሎታል። ጥፋቱ የለካው ሰው አይደለም፤ ያንጠለጠልነው እኛ ነን። አላህ ለሥራው የእኛን ማጋነን አይሻም። ወፏ እንዳለች፣ በሆነችው ልክ፣ ከበቂ በላይ አስደናቂ ናት። ምላሷን ብቻ ተመልከቱ! የግንደ ቆርቁር ምላስ የተያያዘበት አጥንትና ጅማት ከመንጋጋዋ ሥር ተነሥቶ፣ በራስ ቅሏ ኋላ ዞሮ፣ በአናቷ ላይ አልፎ ወደ ግንባሯ ይደርሳል፤ በዚህም የተነሣ ምላሷን ከእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ አርቃ ሰድዳ ትሉን ታወጣለች። ይህ ተከፍቶ የታየ፣ በእጅ የተዳሰሰ ነው። እውነቱ እያለን ግምቱን ለምን እናስቀድማለን?

ልጅ ይጠራጠራል የሚለው ፍርሃቴስ? ወላጁ ሲሳሳት አይቶ፣ «ተሳስቻለሁ» ሲልም የሰማ ልጅ፣ ወላጁ «ይህ እውነት ነው» ሲለው የሚያምንበት ምክንያት አለው። ሁሉን የሚያውቅ አባት ግን አንድ ቀን ሲያልቅበት ሁሉም አብሮ ያልቅበታል። የመዲናው ዓሊም ኢማም ማሊክ ከሩቅ አገር ተልኮ የመጣ ሰው ላቀረበላቸው ጥያቄዎች ለአብዛኞቹ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው በዑለሞች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት ክብራቸው ቀነሰ? በተቃራኒው፣ «አውቃለሁ» ያሉት ነገር እስከ ዛሬ የሚታመነው «አላውቅም» ማለት የሚችሉ ሰው ስለነበሩ ነው።

ስልክ አንሥቼ ለአጎቴ ደወልኩ። «ያን ማታ የነገርኳችሁ የስፖንጅ ነገር ልክ አይደለም» አልኳቸው። አጎቴ ሳቁና፣ «ወፏ ግን እንደዚያው እየቆረቆረች ነው» አሉኝ። ለተማሪዎቼም በክፍል ውስጥ ነገርኳቸው። አንድ ተማሪ፣ «ታዲያ የ2022ቱም አንድ ቀን ቢታረምስ?» አለኝ። «ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹እስካሁን የተለካው ይህን ያሳያል› እንበል» አልኩት። ከዚህ በላይ የተናገርኩ እንደሆነ ስፖንጁን በሌላ ስፖንጅ መተካቴ ነው።

ሁለት ዓምድ

ልጄ አሁን ደብተሯን በሁለት ከፍላዋለች። በአንዱ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው በኩል «የገመትኩት» የሚል አለ። መገመት ክልክል አይደለም፤ ሳይገምቱ ፍለጋ አይጀመርም። ክፋቱ የሁለተኛው ዓምድ ቃል ወደ መጀመሪያው ሲሻገር ነው። እኔ በጎረቤቴ ደጃፍ ቆሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

እስቲ እናንተም በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ሞክሩት። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ አንድ ሩቅ አገር ዜና ስታወሩ ልጆቻችሁ «ይህ ከየትኛው ዓምድ ነው?» ብለው እንዲጠይቋችሁ ፍቀዱላቸው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ጨዋታችሁም ያጥር ይሆናል። ከወሬው ውስጥ ምን ያህሉ ከጀርባ የታየ እንደነበረ ስታዩ ግን ትገረማላችሁ።

የሐበሻዋን ግንደ ቆርቁር እስከ ዛሬ አላየኋትም። ምናልባት በዚያ በመጀመሪያው ጠዋት አልፋን ይሆናል፤ ምናልባትም አልሆነም። በልጄ ደብተር ላይ ያለው ገጽ «ፊቷንና ደረቷን አላየንም» እንዳለ ነው። ጽሑፋችንን ስንጨርስ «ወላሁ አዕለም» ማለት ልማዳችን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከልማድነት አያልፍም። እኔ ግን ዛሬ ያንን ገጽ እያሰብኩ፣ ትርጉሙን እያወቅሁ እለዋለሁ።

ወላሁ አዕለም።